ባዶው መታጠፊያ

ሬሳውን ያገኘው ሣር ሊያጭድ የወጣ ገበሬ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። ቦታው በዲላ መንገድ፣ ከቱላ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ነው።

ነጭ ላንድክሩዘር መንገድ ዳር ቆሟል። ግማሽ ጎኑ አስፋልት ላይ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማው ወልቆ በክሪክ ተደግፏል። ሟቹ በመኪናውና በቦዩ መካከል፣ ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱን ነው። የጎማ መፍቻው እዚያው ወድቋል። ፀጉርና ደም ይዟል።

መንጃ ፈቃዱ ከፀሐይ መከላከያው ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ክብሩ ይባላል። ዕድሜው አርባ አንድ። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የሚኖር፣ በገዛ መኪናው ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የኪስ ቦርሳውና ስልኩ የሉም።

ኢንስፔክተር ገብረየስ ወደ ሬሳው አልቸኮለም። መጀመሪያ መኪናውን ዞረው። የወለቀውን ጎማ በጫማው ገፋ አደረገው። ነፋስ ሙሉ ነው። ቀጥሎ የፊት መስታወቱን አየ። በአቧራው መካከል የብርጭቆ አፍ የምታህል ንጹሕ ክብ አለች።

"እዚህ ምን ተለጥፎ ነበር?" አለ።

"ጂፒኤስ ይመስለኛል፣" አለች ሳጅን ራሔል። "መንገድ የሚያሳይ። እንዲህ መስታወት ላይ ነው የሚጣበቀው። የቱሪስት ሾፌሮች ይይዙታል።"

"አሁን የለም።"

"ወስደውታላ።"

ሬሳው ሲገለበጥ ገብረየስ ተንበረከከ። የሟቹን መዳፎች ገልጦ አየ። ጥፍሮቹን አየ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም። ንጹሕ ነው።"

"ጎማ የፈታ እጅ ነው?"

ራሔል ጎማውን አየች፣ እጁን አየች። "አይደለም።"

ከመኪናው ኋላ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ድንጋይ ተደርድሯል። በድንጋዮቹ መካከል እርጥብ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ተጥሏል። ከፊት በኩልም እንዲሁ። መኪና መንገድ ላይ የቆመበት ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው። በዚያ መንገድ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ይበራሉ። ምልክት ካላዩ የቆመውን ይዘውት ይሄዳሉ።

ገብረየስ አንዱን ቅርንጫፍ አነሣ። ነጭ ወተት ጣቱ ላይ ተጣበቀ።

"ዓይንዎን እንዳይነኩ ጌታዬ፣" አለ ገበሬው። ስሙ አማኑኤል ነው። "ቅንጭብ ክፉ ነው። ያሳውራል።"

"ትናንት ያየኸው ነገር አለ?"

"ሲመሽ በጎች እየመለስኩ ነበር። አንድ ሰው ጎማ ሲፈታ አየሁ። ጀርባውን ነው ያየሁት።"

"አንድ ሰው ብቻ?"

"አንድ ብቻ። ይህ መታጠፊያ ሰው ይበላል ጌታዬ። ድሮም ይበላል።"

ገብረየስ ይህን እንደ አገር ወሬ ቆጥሮ አለፈው። በኋላ በራሱ የተቆጣው በዚህ ነው።

ጣቱን በሣር ጠረገና ወደ ራሔል ዞረ። "ጎማውን የፈታው ገዳዩ ነው። ቅንጭቡንም የቆረጠው እሱ ነው። የሟቹ እጅ ላይ ወተት የለም።"

"ሌባ ገድሎ ይሮጣል እንጂ ቆሞ ቅንጭብ ይቆርጣል?"

"አይቆርጥም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚቆርጠው?"

"ሾፌር፣" አለ ገብረየስ።

*

ታቦር ላይ ድንኳኑ ከቀትር በፊት ተተከለ። የሟች ሚስት ሮማን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምጿ ተዘግቷል።

"እግዜር ያጥናሽ።"

"አሜን።"

"ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ ነበር።"

"ይጠይቁኝ። ከማልቀስ ይሻለኛል።"

"ሐሙስ ወዴት ብሎ ወጣ?"

"አልነገረኝም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ 'መጣሁ' ብሎ ወጣ። ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር። እህልም አይበላ።"

"የተጣላው ሰው አለ?"

"ግዛቸው ሰድቦታል። ፒያሳ አስጎብኚ ቢሮ ያለው። ደንበኛዬን ወሰድክብኝ ብሎ።"

"መስታወቱ ላይ ጂፒኤስ ነበረው?"

ከንፈሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። "ፈረንጇን ነው የሚሉኝ? አንድ የጀርመን እንግዳ ነው የሰጠው። በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ ግራ ታጠፍ፣ ቀኝ ታጠፍ። 'ከእኔ ይልቅ እሷን ትሰማለህ' እለው ነበር። 'እሷ አትጮኽማ' ይለኛል።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አንድ ረጅም ሰው ውሃ ይዞ መጣ። ብርጭቆውን ሮማን እጅ ላይ አስይዞ እስክትጠጣ ጠበቃት። እንደ ብዙዎቹ ለቀስተኞች ጥቁር መነጽር አድርጓል።

"አልአዛር ነው፣" አለች ሮማን። "እሱም ሾፌር ነው። ለክብሩ ወንድሙ ማለት ነው። ድንኳኑን ያስተከለው፣ መቃብሩን የሚያስቆፍረው እሱ ነው። እኔማ ምን ዓቅም አለኝ።"

"ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?" አለው ገብረየስ። ለቀስተኛውን ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

"የኅብረት ጸሎት ላይ። ሐሙስ ሐሙስ እማማ ጥሩወርቅ ቤት እንሰበሰባለን። ከዚህ ሦስተኛው በር ነው፤ ይጠይቋቸው።"

ራሔል ለእማማ ጥሩወርቅ ስልክ ደወለች። "አዎ፣ ነበረ" ተባለች። ጻፈችው። በዚያው ታለፈ።

*

ግዛቸው ወፍራም ሰው ነው። ከወንበሩ ሳይነሣ ተቀበላቸው።

"ሰድቤዋለሁ። አልዋሽም። 'አንተ ሌባ' ብዬዋለሁ፣ ያውም ሰው ፊት። ዛሬ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።"

"ሐሙስ ማታስ?"

"ሆቴል፣ ከአሥር እንግዳ ጋር። ዓሣ ስናበላቸው ሦስት ሰዓት ሆነ። ፎቶ አለ።" ሆዱን በመዳፉ መታ። "ደግሞስ ኢንስፔክተር፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ ስፈታ ይታየዎታል? ጫማዬን የምታስረው ሚስቴ ናት።"

ሆቴሉ ተጠየቀ። እውነቱን ነበር።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያሬድ የሚባል ሰው ወደ ጣቢያው ደወለ። ፒያሳ ስልክ ይጠግናል። ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

"የክብሩን ጂፒኤስ አንድ ሰው ሊሸጥልኝ ይዞ መጥቷል። ካርታ የጫንኩበት እኔ ነኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ። ሻይ አዝዤለታለሁ፤ ሳይጨርስ ድረሱ።"

ሻዩን ሳይጨርስ ተያዘ። ስሙ ሰኢድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአላባ መጥቶ ታቦር ባጃጅ ይነዳል።

"ከየት አመጣኸው?" አለው ገብረየስ።

"ተሳፋሪ ረስቶት ነው።"

"ማን?"

"አላውቀውም። ሐሙስ ማታ ከቱላ የጫንኩት ሰው ነው። ታቦር አወረድኩት። ጠዋት ባጃጄን ሳጥብ ከኋላ ወንበር ሥር አገኘሁት።"

"ለምን ወደ እኛ አላመጣኸውም?"

"ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ... ሸይጣን ነው ጋሼ።"

"ሐሙስ ማታ ቱላ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ሁለት ሰዓት ይሆናል።"

ራሔል ብዕሯን አቆመች። በገዛ አፉ ራሱን እያሰረ ነበር።

"መኪና መንገድ ላይ ቢቆምብህ ምን ታደርጋለህ?"

ሰኢድ ግራ ገባው። "ድንጋይ እደረድራለኋ። ቅጠል እጥላለሁ። ሾፌር ነኝ እኮ ጋሼ።"

ገብረየስ ደብተሩን ዘጋ። ሾፌር ነው ብሎ ነበር። ሾፌር መጣለት።

አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ወደ ጣቢያው በር ወረደ። ሮማን ፊት ነበረች። "አውጡልን!" ትላለች። "ለእኛ ስጡን!" እንዳትወድቅ አልአዛር ክንዷን ደግፎ ይዟታል። ሰኢድ ድምፃቸውን ከውስጥ ሰማ። ጠባቂውን፣ "በሩ ብረት ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀው።

ኮማንደር ዳዊት መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። በዕድሜ ከገብረየስ ያንሳል።

"ጋሽ ገብረየስ፣ ዕቃው እጁ ላይ ተገኝቷል። ቱላ ነበርኩ ብሏል። ምን ቀረዎት?"

"ጎማው ነው የቀረኝ ኮማንደር። ደህና ጎማ ለምን ተፈታ?"

"ዘራፊ የመታው እንዲመስል ነዋ።"

"ሰኢድ ዘራፊ ከሆነ፣ ዘራፊ ለመምሰል ለምን ይደክማል?"

 ከውጭ ድንጋይ ቆርቆሮውን መታው።

"ሰኞ አሥር ሰዓት መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ፣" አለ ዳዊት። "እስከዚያ የሚያገኙት ካለ ያግኙ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከእጄ ወጣ።"

*

እሁድ የሰኢድ ሚስት ሶፍያ ምሳ ይዛ መጣች። ፈታሹ እንጀራውን በእጁ ሲያገላብጠው ዝም ብላ አየችው።

"ባጃጁን አቃጠሉት፣" አለችው ገብረየስን። "ቤቱን ነገ ነው ብለውኛል።"

"እነማን?"

"ጎረቤቶች። ስማቸውን ልቁጠርልዎት? አንዷን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው።"

ገብረየስ ሁለት ፖሊሶች ወደ ቤቷ ላከ። ከዚያ ሰኢድን አስጠራው። ሰኢድ ምሳውን አልነካውም።

"ጋሼ፣ እኔ ሰው ከገደልኩ ዕቃውን ይዤ ፒያሳ መሃል እሄዳለሁ?"

"ሞኝ ከሆንክ ትሄዳለህ።"

"ሞኝስ ነኝ። ሌላ ሰው የረሳውን ለመሸጥ የሄደ ሞኝ። ገዳይ ግን አይደለሁም።"

"ተሳፋሪህን ንገረኝ። ስሙን አይደለም። ያየኸውን፣ የሰማኸውን።"

ሰኢድ ግድግዳውን እያየ አሰበ። "ረጅም ነው። ኮት ለብሷል። ሲገባ ጭንቅላቱን ጣራው መታው። አንድ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ ነበር።"

"ለምን?"

"አቧራ ገባብኝ አለ። መንገዱን ሙሉ ሲያቃስት ነው የመጣው። መሃል ላይ አስቁሞኝ የታሸገ ውሃ ገዛ። እዚያው ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አጠበ። ወንበሬን አራሰብኝ። ዕቃው ከኮቱ የወደቀው ያኔ ይመስለኛል።"

"ይህን ቅዳሜ ለምን አልተናገርክም?"

"መቼ ጠየቁኝ? 'ማን ነው' አሉ። 'አላውቀውም' አልኩ። ጻፉት።"

ገብረየስ ጣቶቹን አያቸው። ዓርብ ዕለት ያንን የቅንጭብ ወተት ለማስለቀቅ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቧል። ዓይኑ አቧራ የገባበት ሰው ያሻል፣ ያነባል። መንገዱን ሙሉ አያቃስትም።

*

ያሬድ ሱቁን እሁድም ቢሆን ከፈተላቸው። ጂፒኤሱ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ዕቃ ነው። ከኤሌክትሪክ ሰክቶ አበራው። ካርታ ወጣ። በካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ተሰመረ።

"ይህ የሄደበት መንገድ ነው፣" አለ ያሬድ። "ሰው ባያዘውም በየቀኑ ይመዘግባል። ጂንካ ብሎ፣ ቱርሚ ብሎ፣ አርባ ምንጭ ብሎ... ክብሩ ያን ሁሉ ዞሯል። ይኸው ሐሙስ። ከታቦር ተነሣ፤ አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ መታጠፊያው ደረሰ። እዚያ ጠፋ።"

"በመንገድ የቆመበት አለ?"

"የለም። ቀጥታ ነው የሄደው። ቆይ..." ያሬድ ዕቃውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ይህስ ምን ጉድ ነው?"

"ምን ሆነ?"

"መንገድ ጠይቆታል። 'እዚህ ቦታ አድርሰኝ' ብሎ አዝዞታል። ጋሼ፣ ክብሩ እኮ በዲላ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳል። እርስዎ ከአልጋዎ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ካርታ ይይዛሉ?"

"መድረሻው የት ነው?"

"መታጠፊያው።"

"ዲላ ወይም ይርጋለም አይደለም?"

"አይደለም። መኪናው የተገኘበት መታጠፊያ ነው።"

"እዚያ ምን አለ?"

ያሬድ ካርታውን አሰፋው፣ አጠበበው። "ምንም የለም። ሣርና ቦይ ነው።"

ገብረየስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰው አገሩ ላይ፣ በሚያውቀው መንገድ፣ ምንም ወደሌለበት ቦታ አድርሱኝ አይልም። ያ ቦታ ለክብሩ ባዶ አልነበረም። ወንበዴ ድንገት ያስቆመው ቦታም አይደለም። አስቦ ነው የሄደው።

"ይህን ነጥብ ከየት አምጥቶ ነው የመዘገበው?"

ያሬድ ሲነካካ ቆየ። "ከድሮ ጉዞ ላይ ነው ያነሣው። የዛሬ አምስት ሳምንት፣ እሁድ ማታ። መኪናው ከይርጋለም ሲመለስ እዚያ ቦታ አራት ደቂቃ ቆሟል። ከዚያ ሐዋሳ ገባ።"

"ይህ መታጠፊያ ሰው ይበላል" ያለው ገበሬ ትዝ አለው።

"ራሔል፣" አለ። "ትራፊክ ክፍል ሂጂ። የዛሬ አምስት ሳምንት፣ እሁድ ማታ።"

*

ሰኞ ጠዋት ራሔል አንድ ቀጭን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። እታፈራሁ የምትባል፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሆነ ሴት ከለቅሶ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ተገጭታለች። ገጪው አምልጧል። የነጭ መኪና መብራት ስባሪ ተገኝቷል። ምስክር የለም። የሐኪሙ ወረቀት ሴትዮዋ ከተገጨች በኋላ ሳትሞት ጥቂት ቆይታለች ይላል።

"ክብሩ ነው የገጨው?" አለች ራሔል።

"ሚስቱን እንጠይቅ።"

ሮማን ያንን እሁድ ወዲያው አስታወሰች። "ልጄ ሮሆቦት የተጠመቀችበት ቀን ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ክብሩ ከደጅ አልወጣም፤ ሲያስተናግድ ነው ያመሸው።"

"መኪናውስ?"

"እናቴን ይርጋለም የሚያደርስልን ጠፋ። አልአዛር 'እኔ አለሁ' አለ። ክብሩ ቁልፉን ሰጠው።"

"በደህና ተመለሰ?"

"እሱ ደህና ነው። መኪናዋ የፊት መብራቷ ተሰብሮ ነበር። ጅብ ገጭቼ ነው አለ። በማግሥቱ በገዛ ኪሱ አስቀየረው፤ ክብሩ ተው ቢለውም።" የገብረየስን ፊት አየች። "ምነው?"

"እመለሳለሁ፣" አላት።

ሦስተኛው በር የእማማ ጥሩወርቅ ነው። ቆመው ተቀበሏቸው።

"አልአዛር? ነበረ ብዬአለሁ። ነበረ።"

"ስንት ሰዓት መጣ እማማ?"

"እሱስ ያን ዕለት ዘግይቶብናል። ልንዘጋ ስንል ነው የገባው፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ምስኪን፣ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ ደም መስሎ። ቅጠል ነክቶኝ ነው አለ። ሁላችንም እጃችንን ጭነን ጸለይንለት።"

ራሔል ቀና ብላ ገብረየስን አየችው።

"ተሻለው?" አለ ገብረየስ።

"ጌታ ሥራው ድንቅ ነው! በማግሥቱ ለቅሶውን ቆሞ ሲያገለግል አላዩትም?"

*

አልአዛር ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እያስተካከለ ነበር። ገብረየስ አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

"ተቀመጥ። መነጽርህን አውልቅ።"

አልአዛር አላንገራገረም። በድንኳኑ ውስጥ የሁሉም ሰው ዓይን ቀልቷል። የአልአዛር የቀላው አንዱ ብቻ ነበር። ሌላው ነጭ ነው።

"መንገዱ የተመዘገበ መሆኑን ታውቅ ነበር?" አለው ገብረየስ በዝቅታ።

"ያን እሁድ አላወቅሁም።" ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። "እዚህ አይሁን። ሮማን አትስማ። እንውጣ።"

ወጡ። ለቀስተኛው ለሌላ ሥራ የሚሄዱ መስሎት አሳለፋቸው። አልአዛር መናገር የጀመረው ራሔል የምትጠብቅበት የፖሊስ መኪና ሳይንቀሳቀስ ነው።

"ባለፈው ሳምንት ክብሩ ቱላ ጎማ ሲያስነፋ የሴትዮዋን ወሬ ሰማ። ነጭ መኪና፣ እሁድ ማታ። ከዚያ ጂፒኤሱን አየ። ሐሙስ መጥቶ 'ና አንድ ቦታ ደርሰን እንምጣ' አለኝ። ምንም አልጠረጠርኩም። ስንሄድ ያቺ ዕቃ ታወራለች። 'ለዲላ መንገድ ፈረንጇን ምን አስፈለጋት?' ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ 'ደርሰዋል' አለች፣ በእንግሊዝኛ። ሞተሩን አጠፋ።"

"ምን አለህ?"

"'ያን እሁድ እዚህ አራት ደቂቃ ቆመሃል። አራት ደቂቃ ምን ታደርግ ነበር?' አለኝ።"

"ምን ታደርግ ነበር?"

"ወርጄ አየኋት። ትተነፍስ ነበር።"

ራሔል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ሦስት ቀን ሰጠኝ። 'ራስህ ሄደህ ተናገር፤ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ' አለ። ከዚያ ወርዶ ቦታውን ያይ ጀመር። ጀርባውን ሰጠኝ። መፍቻው ከወንበሩ ሥር ነበር።"

"ጎማውን?"

"ሲቀይር ወንበዴ የመታው እንዲመስል።"

"ቅንጭቡንስ? ማን እንዲያይልህ ነው?"

አልአዛር የታመመውን ዓይኑን ሊነካ እጁን አነሣና መለሰው።

"መታጠፊያ ነው። እየጨለመ ነበር። ጫት የጫነ መኪና ይመጣል። ሰው ይሞታል።"



"ሰኢድ መታሰሩን ቅዳሜ ሰማህ፣" አለ ገብረየስ። "በራችን ላይ ቆመህ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

"ዝም አልክ።"

"ዝም አልኩ።"

*

ሰኢድ የተፈታው ሰኞ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መለሱለት። ገብረየስ መኪና አዘዘለት።

"በመኪና አልሄድም፣" አለ ሰኢድ።

"ለምን?"

"በፖሊስ መኪና ከደረስኩ ለምርመራ ያመጡት ይመስላቸዋል። በእግሬ ልሂድ። እርስዎም ይምጡ። ልብሱን እንደ ለበሱ።"

ገብረየስ ቆቡን አደረገ። ታቦርን በእግር ወጡ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ወሬ አቆሙ። የባጃጅ ነጂዎች ሰኢድን ያውቁታል፤ አንዱ እጁን ከፍ አድርጎ መልሶ አወረደው። ሰኢድ ፊት ለፊቱን እያየ ሄደ።

ድንኳኑ በመንገዳቸው ላይ ነበር። የአልአዛር ወሬ ደርሷል። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንድ ሽበታም ሰው ከአግዳሚው ጫፍ ገብረየስን ጠራው።

"ኢንስፔክተር፣ አልአዛር የእኛው ልጅ ነው፤ አሳድገነዋል። ይህኛው ቢሆን ይሻለን ነበር።"

ሰኢድ ቆመ።

ሮማን ከውስጥ ወጣች። ሁለት ሴቶች ሊይዟት ሞከሩ፤ ገፋቻቸው። ከሰኢድ ፊት መጥታ ቆመች።

"ባጃጅህን ያቃጠሉት የእኔ ለቀስተኞች ናቸው።"

"አውቃለሁ።"

"አውጡልን ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ።"

"ሰምቼሻለሁ። ድምፅሽን ለይቼዋለሁ።"

ሮማን ወደ ድንኳኑ ዞረች። ከተዘጋው ድምጿ የቀረውን ያህል አወጣች።

"ተነሡ!" አለች። "ሰው መጥቷል፤ ተነሡለት!"

መጀመሪያ ሴቶቹ ተነሡ። ከዚያ ወንዶቹ አንድ በአንድ፣ አግዳሚው እየተንቋቋ። እማማ ጥሩወርቅ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ድንኳኑ ሙሉ ቆመ። ሽበታሙ ሰው አልተነሣም። መሬት መሬቱን እያየ ተቀምጦ ቀረ።

"እግዜር ያጥናሽ፣" አላት ሰኢድ። ወደ ድንኳኑ አልገባም።

የቆሙትን ሰዎች በዓይኑ አለፋቸው። የተቀመጠውን ግን ቆም ብሎ አየው፤ ፊቱን በደንብ አድርጎ አየው። ከዚያ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ያዘ። ገብረየስ አብሮት ወጣ።